የአንባቢያን ጥያቄ፦ ዲስኩ ይነቀላል፤ ላይሰንሱስ?

ጥያቄ (ከድሬዳዋ፣ ሳቢያን)፦ ለጽሕፈት ሥራ የምጠቀምበት ላፕቶፕ ማዘርቦርዱ ተቃጥሎ «አይሠራም» ተባልኩ። ፋይሎቹ ያሉበት ዲስክ (ኤስኤስዲው) ግን ደህና ነው። ከታይዋን ገበያ ያገለገለ ዴስክቶፕ ገዝቻለሁ። ኤስኤስዲውን ነቅዬ ብሰካው ዊንዶውሱ ከነላይሰንሱ (ከነመጠቀሚያ ፈቃዱ) ይሠራልኛል? ወይስ ሌላ ልገዛ ነው?

መልስ፦ ፋይሎችዎ ይሻገራሉ፤ ዊንዶውሱም አብዛኛውን ጊዜ ይነሳል። የላይሰንሱ ነገር ግን ለብቻው ነው። ላፕቶፑ ከፋብሪካ ዊንዶውስ ተጭኖበት የመጣ ከሆነ፣ ማለትም ኦኢኤም ከሆነ፣ ቁልፉ ያለው ዲስኩ ላይ ሳይሆን ማዘርቦርዱ ላይ ባለችው፣ ማሽኑን በምታስነሳው የባዮስ ቺፕ ውስጥ ነው። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ አሠራሩ እንዲህ ሆኗል። ቦርዱ ሲቃጠል ላይሰንሱም አብሮት ሄዷል።

ሌላ ከመግዛትዎ በፊት ግን ዴስክቶፑን ይፈትሹት። የእርስዎን ኤስኤስዲ ሳይሰኩ በራሱ ዲስክ ያስነሱትና ሴቲንግስ ውስጥ አክቲቬሽን የሚለውን ይክፈቱ። በዲጂታል ላይሰንስ አክቲቭ መሆኑን የሚገልጽ ከሆነ መብቱ ከዚያ ቦርድ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ሊጠቅምዎ ይችላል። ሆም ወይም ፕሮ መሆኑንም ልብ ይበሉ፤ ቦርዱ የሆም መብት ብቻ ኖሮት የእርስዎ ዲስክ ፕሮ ከሆነ አክቲቭ አይሆንም። በድርጅት አገልግሎት አክቲቭ ሆኗል ካለ ደግሞ ብዙ አይተማመኑበት። በሱቅ የተሸጠ ማሽን ላይ ይህ ሲታይ አብዛኛውን ጊዜ ክራክ ነው።

የራስዎን ዓይነት ለማወቅ ኤስኤስዲው ከተነሳ በኋላ የዊንዶውስን ቁልፍና «አር»ን አብረው ይጫኑ። በሚመጣው ሳጥን ውስጥ «ኤስኤልኤምጂአር» ብለው በላቲን ፊደል ይጻፉ፤ አንድ ክፍተት፣ ወደ ቀኝ ያዘነበለ ስላሽ፣ ከዚያ ሳይለዩ «ዲኤልአይ»። የሚወጣው መስኮት ሪቴይል (ለብቻው የተሸጠ) ካለ ላይሰንሱ አብዛኛውን ጊዜ ተዛዋሪ ነው፤ አሮጌው ማሽን ላይ መጠቀም ማቆም ብቻ ነው የሚጠበቅብዎ። በማይክሮሶፍት አካውንትዎ ገብተው አክቲቬሽን ገጽ ላይ ትራብልሹት ሲሉ «ሃርድዌር በቅርቡ ቀይሬያለሁ» የሚል ምርጫ ይመጣል። ኦኢኤም ካለ አይዛወርም። ኬኤምኤስ የሚል ቃል ካለበት ደግሞ የድርጅት ነው፤ በየ180 ቀኑ ውስጥ መታደስ አለበት።

አክቲቭ ባይሆንም ሥራዎ አይቆምም። ስክሪኑ ቀኝ ታች ጥግ ላይ ጽሑፍ ይቀመጣል፣ የጀርባውን ስዕልና ቀለም ከሴቲንግስ መቀየር አይቻልም። ፋይል አይጠፋም።

ከላይሰንሱ ይልቅ ሰው የሚያስለቅሰው ዲስኩን በምስጢር የሚቆልፈው የዊንዶውስ ቢትሎከር ነው። ዲስኩ ተመስጥሮ ከነበረ መክፈቻው የተቀመጠው አሮጌው ቦርድ ላይ ባለው ቲፒኤም በተባለ የደህንነት ቺፕ ስለሆነ አዲሱ ማሽን ሰማያዊ ገጽ አውጥቶ ባለ48 አሃዝ ቁልፍ ይጠይቅዎታል። ብዙ ሰው ራሱ ሳያበራው ዊንዶውስ 11 ራሱ ያበራዋል፤ በማይክሮሶፍት አካውንት ገብተው ከነበረ ግን ቁልፉ እዚያው አካውንት ውስጥ ተቀምጧል፤ በስልክዎ ገብተው ወረቀት ላይ ይገልብጡት። ያለ ቁልፉ «እከፍትልሃለሁ» ለሚል ባለሙያ ብር አይክፈሉ።

አሁን ወደ ካቻቪቴው። ገመዱን ከሶኬት ነቅለው ማብሪያውን 10 ሰከንድ ያህል ተጭነው ይያዙ። ኤስኤስዲው እንደ ማስቲካ ቀጭን ከሆነ የሚሰካውን ጫፉን በደንብ ይመልከቱ፦ አንድ ስንጥቅ ብቻ ካለው ብዙውን ጊዜ ኤንቪኤምኢ የሚባለው ዓይነት ነው፣ ሁለት ካለው ሳታ የሚባለው ነው። ቦታው ሁለቱንም እኩል ይቀበላል ማለት አይደለም፤ ኤንቪኤምኢ ብቻ በሚያነብ ማስገቢያ ሳታው ሲገባ በትክክል ተቀምጦም ባዮስ አያየውም። አዘንብለው እስኪጠልቅ ያስገቡት፣ ጫፉን ወደ ቦርዱ ተጭነው ትንሿን ብሎን ይሰሩ። ብሎኗ ከላፕቶፑ ጋር ስለምትቀር አብረው ይንቀሏት፤ ለብቻዋ ፈልጎ ማግኘት ያሰለቻል። ሳጥን የሚመስለው ባለ2.5 ኢንች ከሆነ አንድ የሳታ ኬብልና ከፓወር ሰፕላዩ የሚመጣ አንድ ገመድ ይበቃዋል።

ሲያስነሱት የሚነሳ ዲስክ የለም ካለ ባዮስ ውስጥ የማስነሻ ዘዴውን፣ ዩኢኤፍአይና ሌጋሲ የሚለውን፣ ይቀያይሩ። ሰማያዊ ሆኖ ዲስኩ ላይ መድረስ አልቻልኩም የሚል ስህተት ካወጣ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሳታው አሠራር ነው፦ ላፕቶፑ ሬድ በሚባለው አሠራር ላይ ነበር፣ ዴስክቶፑ ኤኤችሲአይ በሚባለው ላይ ነው፣ ወይም በተቃራኒው። ባዮስ ውስጥ ቀይረው ይሞክሩ። ካልሆነ ሁለት ሦስት ጊዜ ከከሸፈ በኋላ በሚመጣው የጥገና ገጽ ስታርትአፕ ሴቲንግስ ገብተው 4ን ይጫኑ። በሴፍ ሞድ አንዴ ከተነሳ ትክክለኛውን ድራይቨር ያነሳና ቀጥሎ በደንቡ ይከፍታል።

ይህ ሁሉ አልሆን ብሎ ፎርማት ማድረግ ግድ ከሆነ ከሰነዶችዎ ጋር የዊንዶውስን የፎንት ፎልደር ይገልብጡ። ዩኒኮድ (ዛሬ የሚሠራበት የጋራ የፊደል ኮድ) ባልሆኑ የቆዩ የግዕዝ ፎንቶች የጻፉት ደብዳቤ ፎንቱ የሌለው ማሽን ላይ የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ሆኖ ነው የሚከፈተው።

ጥያቄ (ከሐረር)፦ በዚያው በነበረው ኮምፒውተሬ ላይ 240 ጊጋ የነበረውን ኤስኤስዲ በ480 ብቀይር ዊንዶውሱ ላይሰንስ ይጠይቀኛል?

መልስ፦ አይጠይቅም፤ ቦርዱ ያው ነው። አዲሱን በዩኤስቢ ማስቀመጫ ሰክተው ክሎን ያድርጉት፤ ማለትም አሮጌውን ዲስክ እንዳለ ወደ አዲሱ ይገልብጡት። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ሙሉ ይሁን፤ ዴስክቶፕ ከሆነ ያለ ዩፒኤስ አይጀምሩ። መሃል ላይ መብራት ቢሄድ አሮጌው እንዳለ ይቆያል፣ አዲሱን ግን ከዜሮ መጀመር ነው። ሲጨርሱ ሲ ድራይቭ አሁንም 240 ሆኖ ቢያዩት አይደንግጡ። ትርፉ ቦታ መጨረሻ ላይ ነው ያለው፤ መሃላቸው የሪከቨሪ ክፍልፋይ ስለገባ ነው ዲስክ ማኔጅመንት «ኤክስቴንድ» የሚለውን የሚያደበዝዘው። ክሎን በሚያደርጉበት ፕሮግራም ሪከቨሪውን ወደ መጨረሻ ገፍተው ሲን ያስፉት።