ሐሰተኛ ወሬን ሕግ ያስቆመዋል ወይስ ትምህርት?

ጥያቄ፦ አንድ የእድራችን አባል ምልክት የተደረገባቸው የድምፅ መስጫ ወረቀቶች ሜዳ ላይ ተበትነው የሚያሳይ ፎቶ «የእኛው ምርጫ ጉድ» ብለው በእድሩ የቴሌግራም ግሩፕ ላኩ። በማግሥቱ ፎቶው የሌላ አገር መሆኑ ታወቀ፤ እስከዚያው ግን ሁለት ጎረቤታሞች ተጣልተው ነበር። ልጄ «በሕግ መጠየቅ አለባቸው» ይላል። እኔ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝና ማስተማር ይሻላል ባይ ነኝ። ማናችን ልክ ነን? (አንባቢ፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ልጅዎ ያነሣው ሕግ በእርግጥ አለ። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃን ስርጭት ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨን ሰው እስከ 1 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ወይም እስከ 50,000 ብር በሚደርስ መቀጮ ይቀጣል፤ መረጃው ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ከተሰራጨ ደግሞ እስራቱ እስከ 3 ዓመት፣ መቀጮውም እስከ 100,000 ብር ከፍ ይላል። ይሁንና ወሬው ሐሰት መሆኑ ብቻውን ለቅጣት አይበቃም። አሰራጩ ሐሰትነቱን የሚያውቅ ወይም ማወቅ የነበረበት መሆን አለበት፤ ንግግሩም ሁከት ወይም ግጭት የመቀስቀስ ዕድሉ ከፍተኛ መሆን ይኖርበታል።

ከሁሉም በላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ እንደ ሁኔታው እውነቱን ለማጣራት ተገቢውን ጥረት ያደረገ ሰው በአዋጁ የማይጠየቅ መሆኑ ነው። ማጣራትን ማንም ያላሳየው ሰው ይህን ጥረት ከየት ያመጣዋል? እድራችሁ እንኳ የቀረን አባል የሚቀጣው ደንቡን አስቀድሞ ካነበበ በኋላ ነው። ስለዚህ ሕጉ ራሱ በእርስዎ ሙያ ላይ የቆመ ነው ማለት እችላለሁ።

በሌላ በኩል ሕግ በፖለቲካ ወሬ ላይ ሲሠለጥን ሐሰቱን ከእውነቱ የሚለየው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ይከተላል። ክሱን የሚመሠርተው መንግሥት የክርክሩም አንድ ወገን በሚሆንበት ጊዜ፣ መራራ እውነት የተናገረም አብሮ ሊታፈስ ይችላል። በመሆኑም እስራቱን ሆን ብለው ሰውን በሰው ላይ ለሚያነሣሡ ብቻ ብናቆየው እመርጣለሁ።

ትምህርቱም ቢሆን ዲግሪ ማለት አይደለም፤ ባለ ዲግሪዎች ያለ ማጣራት የሚያጋሩትን በየቀኑ እናያለን። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ብሎ መቀመጥም አያዋጣም፤ ጎረቤቶችዎ የተጣሉት እስኪነጋ ባለው ጊዜ ነው። የሚያስፈልገው የእጅ ሙያ ነው። ፎቶውን አስፍቶ ከኋላ የሚታየው የሱቅ ታፔላ በምን ፊደል እንደ ተጻፈ፣ የመኪናው ታርጋ የየት አገር እንደ ሆነ፣ በወረቀቱ ላይ ያሉት የፓርቲ ምልክቶች የእኛ መሆን አለመሆናቸውን ማየት ይቻላል። ቀጥሎ ያንኑ ፎቶ በጎግል የምስል መፈለጊያ ማስገባት ነው፤ ምስሉ ቀደም ሲል በሌላ ቦታ ወጥቶ ከነበረ ብዙ ጊዜ ይገኛል።

ፎቶውን የላኩት አባል ማረሚያውን በዚያው ግሩፕ ራሳቸው ቢልኩ መልካም ነው፤ ማረሚያ ከሌላ ሰው ሲመጣ እንደ ውርደት ይቆጠራልና። ለሚቀጥለው የእድር ስብሰባ ደግሞ ሩብ ሰዓት ይጠይቁ፤ እርስዎ ያስረዱ፣ ልጅዎ በስልኩ ያሳይ።