ክንፉን ከመግዛትህ በፊት

የ3ኛ ዓመት የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ ነህ። በኤሮዳይናሚክስ (የአየር ፍሰት ጥናት) ሙያ ለመቀጠር ያግዘኛል ብለህ ለሞዲፋይድ መኪናህ በብድር ኋላውን በአየር ኃይል ወደ መንገዱ የሚጫን የካርቦን ክንፍ ልትገዛ ነው። ማስተርስ ልቀጥል ወይ ብለህም ታስባለህ። አባትህ ደግሞ «መኪናውን ሽጠህ ትምህርትህን ተማር» ብለውሃል።

ብድሩን ተወው። ቀጣሪ ክንፉን አይቶ የሚጠይቅህ «ምን ለወጠ? በምን አወቅህ?» ብሎ ነው። መልሱ ከክንፉ ጋር ታሽጎ አይመጣም።

ደግሞም ክንፍ ብቻውን መኪናውን ያበላሸዋል። በፊትና በኋላ አክስል መካከል 2.6 ሜትር ቢኖር፣ ከኋላው አክስል 60 ሳንቲሜትር አልፎ የተገጠመውን ክንፍ አየሩ በ100 ኪሎ ኃይል ወደ ታች ቢጫነው፣ ኋላው 123 ኪሎ ይከብዳል፣ ፊቱ 23 ኪሎ ይቀላል። በፍጥነት ስትጠመዝዝ መሪው አልታዘዝ ይልሃል።

ከፊት ጀምር። ከፓራውልቱ ሥር በ12 ሚሊሜትር ኮምፔንሳቶ ስፕሊተር (አየሩ ፊቱን ወደ መንገዱ እንዲጫን የሚያደርግ ጠፍጣፋ ሳንቃ) ሥራ። ከሻሲው ጋር እሰረው፤ በፓራውልቱ ፕላስቲክ ላይ ብቻ ካሰርከው አየሩ ይነቅለዋል። ጠርዙ ላይ ቆመህ ካልጎበጠ ይበቃል።

ከዚያ ለካ። 10 ሳንቲሜትር የሱፍ ክሮች በፕላስተር ለጥፍና ሌላ መኪና ውስጥ ያለ ሰው ይቅረጽህ። ክሩ ተኝቶ ከተከተለ አየሩ ከአካሉ አልተላቀቀም፤ ከተርገበገበ ወይም ወደ ፊት ከዞረ ተላቋል። ቀጥሎ በዝግ መንገድ፣ ነፋስ በሌለበት ሰዓት፣ በ120 ፎሌ አድርገህ 80 እስኪደርስ የፈጀውን ሰከንድ ያዝ፤ በየአቅጣጫው 5 ጊዜ። ይህ የአየሩን ተቃውሞ እንጂ አየሩ መኪናውን ወደ ታች የሚጫንበትን ኃይል (ጭነቱን) አይነግርህም። ለጭነቱ በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ማስመሪያ አስገብተህ በ40 እና በ120 ቅረጽ፤ ፍጥነቱ 3 እጥፍ ሲሆን የአየሩ ኃይል 9 እጥፍ ነውና የሞላው መጨመቅ ይታያል። የጎማ ንፋስና ነዳጅ አይለወጥ። ስፕሊተሩንና ክንፉን ባንድ ቀን የገጠመ የትኛው እንደሠራ አያውቅም። (የመለኪያ ክፍል ሰው ነኝና ወደዚህ ማድላቴን ልብ በል።)

አባትህ ዕዳ መፍራታቸው ልክ ነው። «ሽጠው» ማለታቸው ግን ልክ አይደለም፤ የምትለካበትን ነገር ሸጠህ ምን ትለካለህ? ወጪህ ኮምፔንሳቶ፣ ክርና ፕላስተር መሆኑን ቁጭ ብለህ አሳያቸው።

ማስተርሱን ሳትመረቅ አትወስን። የአየር ፍሰትን በኮምፒውተር ማስላት ለመማር ኦፕንፎም የተባለው ሶፍትዌር ነፃ ነው፤ ውጤቱን መንገድ ላይ ከለካኸው ጋር አመሳክር። ለማመልከቻህ 2 ገጽ ይበቃል፤ ያልተሳካውንም ሙከራ ከነቁጥሩ አስገባበት።