ዙሐል 7ኛው ቤት ስለገባ ሠርጉ ይቅር?

ጥያቄ፦

መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎት ከዚሁ ከጎንደር፣ ከማራኪ ነው። ሽማግሌ ተልኮ ታጭቻለሁ። ሠርጋችን ለጥር ታስቧል። በቅርቡ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ በስልኳ አፕ የልደት ቻርቴን አወጣችልኝ። የተወለድኩት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ነው፤ እናቴ በደንብ ታስታውሰዋለች። ቻርቱ ላይ 12 ቤቶች አሉ። የትዳር ቤት በተባለው በ7ኛው ላይ ዙሐል (ሳተርን የሚባለው ፕላኔት) ተቀምጧል። «ትዳርሽ ይዘገያል፣ ወይ ይከብድሻል» አለችኝ። መጀመሪያ ስቄ ትቼው ነበር። ቀጥሎ ደግሞ የእጮኛዬ እናት አንድ መርጌታ ዘንድ ሄደው ስማችንን አስቆጥረው መጡ። «ኮከባቸው አይገጥምም» ተብለዋል። ሁለቱ ሲደራረቡብኝ ፈራሁ። የአፑስ ሳይንስ አይደለም ወይ? ቤቶቹ ምንድን ናቸው? ማየቴስ ኃጢአት ነው? ስክሪን ሾቱን ልኬልዎታለሁ።

መልስ፦

ልጄ፣ በመጀመሪያ እንኳን ደስ ያለሽ። መታጨትሽን ከፍርሃትሽ በፊት ማንሳት ነበረብን።

የላክሽውን ምስል አየሁት። ከስምሽ ሥር በትንሹ የተጻፈውን ሰዓት ልብ ብለሽዋል? «02:00» ይላል። አንቺ ግን የተወለድሽው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ነው። ያ በፈረንጅ አቆጣጠር 8 ሰዓት ነው። አፑ የሚያውቀው ከእኩለ ሌሊት የሚጀምረውን ሰዓት ብቻ ነው። ስለዚህ የተሠራልሽ ቻርት የአንቺ አይደለም። ከሌሊቱ 8 ሰዓት የተወለደች የሌላ ልጅ ቻርት ነው።

ስድስት ሰዓት ትንሽ ነገር እንዳይመስልሽ። ሰማዩ በእኛ ዓይን ሲታይ በቀን አንድ ጊዜ ይዞረናል፤ በሰዓት 15 ዲግሪ ማለት ነው። በስድስት ሰዓት 90 ዲግሪ ይሆናል። የቻርቱ ሩብ ነው፤ ወደ ሦስት ቤት ያህል። ሰዓቱ ቢታረም ዙሐል ከ7ኛው ቤት ተነሥቶ 4ኛው አካባቢ ይወርዳል። 4ኛው ደግሞ የወላጅና የመኖሪያ ቤት ነው ይላሉ። ያን ጊዜ አፑ ስለ ባልሽ ትቶ ስለ አባትሽ ግቢ ሊያስፈራራሽ ነው።

ይህን ያልኩሽ «ቻርቱን አስተካክለሽ አሠሪው» ለማለት አይደለም። ምን ያህል በቀላሉ ልባችንን እንደምንሰጥ እንድታዪው ነው። አንዲት የሰዓት ስሕተት እንቅልፍ ነሥታሻለች።

ቤቶቹ ምንድን ናቸው ላልሽው፣ ሳይገባን ከምንረግመው ብናውቀው ይሻላል። ኮከብ ቆጣሪዎች አንድ ሕፃን ሲወለድ በምሥራቅ አድማስ ላይ የምትወጣውን የዞዲያክ (ፀሐይ በዓመት የምትዞርበት፣ ለ12 የተከፈለው የሰማይ መንገድ) ክፍል ይይዛሉ። 1ኛው ቤት ከዚያ ይጀምራል። ከዚያ ሰማዩን፣ ከምድር በታች ያለውንም ጨምረው፣ ለ12 ይከፍሉታል። 1ኛውን ለሰውየው አካልና ጠባይ ሰጡት። 2ኛውን ለገንዘብ፣ 3ኛውን ለወንድምና እኅት፣ 5ኛውን ለልጅ፣ 6ኛውን ለሕመም። 7ኛው በምዕራብ አድማስ፣ ከ1ኛው ትይዩ ነውና የትዳር አጋር ሆነ። 8ኛው የሞትና የውርስ ነው። 10ኛው የሥራና የክብር፣ 12ኛው የስውር ጠላትና የእስር። ፕላኔቶቹ ደግሞ በእነዚህ ቤቶች ውስጥ እንደ እንግዳ ይቀመጣሉ። ዙሐል በእነርሱ ዘንድ ከባድ፣ ቀዝቃዛና አዘግዪ ነው። ስለዚህ 7ኛው ላይ ሲያገኙት «ትዳር ይዘገያል» ይላሉ። የሥራ ባልደረባሽ ያለችሽ ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው።

አሁን ጥያቄው ይህን አከፋፈል ማን አደረገው የሚለው ነው። ሰማይ ላይ ግድግዳ የለም። ኮከብ ቆጣሪዎቹ ራሳቸው ቤቶቹን በምን መንገድ እንክፈል በሚለው አይስማሙም። አንዳንዶቹ አንዱን የዞዲያክ ክፍል እንዳለ አንድ ቤት ያደርጉታል። ዛሬ ብዙዎቹ አፖች የሚጠቀሙበት ፕላሲደስ የሚባለው ዘዴ ደግሞ ከዋክብቱ ከአድማስ ወጥተው እስኪጠልቁ የሚወስዱትን ጊዜ ይከፋፍላል። ስሙን ያገኘው በ17ኛው መቶ ዘመን ከነበረ ጣሊያናዊ መነኩሴ ነው። (አዎ፣ መነኩሴ። የመነኮሰ ሁሉ የጻፈው አይጸድቅም።) ይህ ዘዴ ወደ ምድር ዋልታ ሲጠጉ ጭራሹን አይሠራም፤ እዚያ ከአድማስ የማይወጡ የሰማይ ክፍሎች አሉና። እዚያ የተወለደ ልጅ ምን ሊደረግ ነው? በአፑ ማስተካከያ ውስጥ ገብተሽ የአከፋፈሉን ዘዴ ብትቀይሪው፣ ሰዓትሽንም ቀንሽንም ሳትነኪ፣ አንዳንዱ ፕላኔት ከቤት ቤት ሲዘል ታያለሽ። ልደትሽ አልተለወጠም። የተለወጠው የሰው መስመር ነው።

ሳይንስ ነው ወይ ላልሽው፣ ግማሹ አዎ ነው። ዙሐል በዚያ ሰዓት የት እንደነበረ አፑ የሚያሰላው በሥነ ፈለክ ነው፤ እሱ አይዋሽም። «እዚያ ከሆነ ባልሽ እንዲህ ይሆናል» የሚለው ግን ሌላ ነገር ነው። እሱን ያረጋገጠ ሥነ ፈለክ የለም። እንዲያውም ፀሐይ መጋቢት 11 ወይም 12 አካባቢ፣ ቀንና ሌሊት እኩል ሲሆኑ፣ «ሐመል ገባች» ይላሉ፤ ሐመል ከ12ቱ የዞዲያክ ክፍሎች የመጀመሪያው ነው። ቀና ብሎ ለሚያይ ግን በዚያ ጊዜ ፀሐይ ያለችው ሑት በሚባሉት ከዋክብት መካከል ነው። ምድር በዛቢያዋ ላይ ቀስ እያለች ስለምትወዛወዝ ባለፉት 2000 ዓመታት አንድ ክፍል ያህል ተንሸራትቷል። የሕንድ ኮከብ ቆጣሪዎች ይህን አስበው ያርሙታል፤ የምዕራቦቹ አፖች አብዛኞቹ አያርሙም። ስለዚህ ያው አንቺ በአንዱ «ሐመል» በሌላው «ሑት» ልትባዪ ትችያለሽ።

ወደ መርጌታው ልምጣ። «ሁለቱ ሲደራረቡብኝ» ብለሻል። አልተደራረቡም። መርጌታው የሚቆጥርበት መጽሐፍ፣ አውደ ነገሥት፣ ሰማዩን አያይም። ስምሽንና የእናትሽን ስም በፊደል ቁጥር ይደምርና በ12 ይገድፋል፤ አካፍሎ ትርፉን ይይዛል ማለት ነው። የቀረው ኮከብሽ ነው ይልሻል፤ ሐመል፣ ሠውር፣ ገውዝ እያለ። የተወለድሽበትን ሰዓት አይጠይቅም። አፑ ደግሞ የእናትሽን ስም አይጠይቅም። አንዱ ሰማይ ሳያይ፣ ሌላው ስም ሳይሰማ ፈረዱብሽ። በፍርድ ቤት ቢሆን እንዲህ ያሉትን ምስክሮች ማንም ዳኛ አብረው መሰከሩ አይልም። በየትኛው ስምሽ እንደቆጠሩትስ ጠይቀሻል? በክርስትና ስም ሌላ፣ በመጠሪያ ስም ሌላ ይወጣል።

«ቤተ ክርስቲያን ያደገ ሰው ነው የቆጠረው» የሚል ነገር ልብሽ ውስጥ እንዳለ ይገባኛል። በእኛ አገር፣ በተለይ በእኛ በጎንደር፣ ይህ ነገር ከቅኔ ቤቱና ከዜማ ቤቱ ጥላ ሥር ሲንከላወስ ኖሯል። ዜማ ማወቅ ግን ኮከብ ቆጠራን ሃይማኖት አያደርገውም። መጽሐፈ ሄኖክን የምታነብ ልጅ ይህን ማወቅ አለባት፤ ኮከብ ቆጠራን ለሰው ያስተማሩት ከሰማይ የወረዱት፣ ትጉሃን የተባሉት የወደቁ መላእክት ናቸው ይላል። መጽሐፈ ኩፋሌም የአርፋክስድ ልጅ ቃይናን በድንጋይ ላይ የተቀረጸ የእነርሱን ትምህርት አግኝቶ እንደ ገለበጠው ይነግረናል። የፀሐይ፣ የጨረቃና የከዋክብት ጥንቆላ ነበር። ገልብጦ ምን አደረገ? ኖኅ እንዳይቆጣው ፈርቶ ዝም አለ። ይህ ዝምታ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ደግ ነገር ቢሆን ለቅድመ አያቱ ለምን ይደብቃል? የእጮኛሽ እናትስ መርጌታው ዘንድ ሲሄዱ ለንስሐ አባታቸው ነግረው ነው የሄዱት?

ይህ ማለት ግን ሰማይን ማየት ክፉ ነው ማለት አይደለም። ያው መጽሐፈ ሄኖክ ፀሐይ በምሥራቅ ስድስት፣ በምዕራብ ስድስት በሮች እንዳሏት፣ በየትኛው ወር በየትኛው በር እንደምትወጣ፣ ቀኑ እንዴት እንደሚረዝምና እንደሚያጥር በዝርዝር ያሳያል። አሥራ ሁለት በር ነው፤ ልክ እንደ ቻርትሽ። በአንዳቸውም ላይ ግን የማንም ባል አልተጻፈም። በሮቹ የሚናገሩት ጊዜን ነው። ዘፍጥረትም ብርሃናት የተሰጡት ለዘመናት፣ ለዕለታትና ለዓመታት ነው ይላል።

የአጽዋማትና የበዓላት ቀን የሚወጣበት የእኛ ባሕረ ሐሳብ የቆመው በዚህ ላይ ነው። እሱም እንደ አውደ ነገሥት ይደምራል፣ ይገድፋል። የ2018ን ብንወስድ፣ 5500 ተጨምሮ 7518 ይሆናል። በ19 ሲገደፍ 13 ይቀራል፤ አንዱን ለዘመን ስትተዪ ወንበሩ 12 ነው። በ11 አባዝተሽ በ30 ስትገድፊ አበቅቴው 12፣ በ19 አባዝተሽ በ30 ስትገድፊ መጥቅዑ 18። ከዚያ ነነዌ ጥር 25፣ ዐቢይ ጾም የካቲት 9 ይወጣል። ቁጥሩ የሚመልሰው «መቼ እንጾማለን» የሚለውን ነው። በዕንቁጣጣሽ ቀን ካህናቱ በጉባኤ ፊት ያውጁታል። ማንም ተደብቆ አይጠይቀውም፤ ማንም ከፍሎ አያስቆጥረውም።

በኩፋሌ ያለውን የአብራምን ሌሊት ደግሞ እንድታነቢው እፈልጋለሁ። አብራም ገና በካራን ሳለ፣ የዓመቱን ዝናብ ለማወቅ ሌሊቱን ሙሉ ከዋክብትን ሲመለከት ያድራል። ብቻውን ነው። እየተመለከተ ሳለ በልቡ አንድ ነገር ይመጣበታል። የከዋክብት፣ የፀሐይና የጨረቃ ምልክት ሁሉ በእግዚአብሔር እጅ ከሆነ፣ እኔ ለምን እመረምራለሁ? ቢወድ በጠዋትና በማታ ያዘንባል፤ ቢወድ ይከለክላል። ወዲያው ጸሎት ይጀምራል። ለገበሬ ልጅ የዝናብ ጉዳይ ከትዳር ጉዳይ አያንስም። ቢሆንም ምልከታውን በመካከል ትቶ ወደ ዝናቡ ጌታ ዞረ።

ቅዱስ ባስልዮስም ስለ ስድስቱ ቀናት ፍጥረት ሲሰብክ ይህን ነገር አንሥቷል። ኮከብ ቆጣሪዎች ሰማዩን ለ12፣ ያንን ለ30፣ ያንን ደግሞ ለ60 ይከፍሉታል፤ አዋላጇ ሕፃኑን ተቀብላ ወንድ ይሁን ሴት እስክታይ፣ እስኪያለቅስም ድረስ ስንት ክፍል አለፈ? ይላል። የነገሥታት ዕጣ በከዋክብት ከሆነ ንጉሥ በየቀኑ ለምን አይወለድም? ብሎም ይጠይቃል። እኔን የያዘኝ ግን ሌላው ነጥቡ ነው። ሥራችን ሁሉ ከኮከብ ከሆነ ሌባም አይወቀስም፣ ነፍሰ ገዳይም አይከሰስም፤ እጁን መሰብሰብ አይችልም ነበርና። ይህን ወደ ትዳር አምጪው። ባልሽ ነገ ቢያመሽ፣ ቢሰክር፣ ክፉ ቢናገርሽ፣ «ዙሐል ነው» ብለሽ ልትተዪው ነው? ወይስ ትናገሪዋለሽ?

ሰብአ ሰገልስ በኮከብ አይደለም ወይ የመጡት ይሉኛል ሰዎች። በኮከብ መጡ። የመጡት ግን ሊሰግዱ ነው። ያ ኮከብ ሕፃኑን አላስተዳደረም፤ ሕፃኑን አገለገለ።

ማየትሽ ኃጢአት ነው ወይ ላልሽው ቀጥታ ልመልስልሽ። ባልደረባሽ ስልኳን ዘርግታ ስታሳይሽ በመሳቅሽ እንቅልፍ አትጪ። ቻርት ስላየሽ የያዘሽ መንፈስ የለም፤ እንዲህ የሚሉሽ ካሉ እነሱም ሌላ ፍርሃት እየሸጡልሽ ነው። ኃጢአት የሚሆነው ልብሽን ስታስጠጊበት፣ በእሱ ተመርተሽ ስትወስኚ፣ ዳግመኛ ልታስቆጥሪ ስትሄጂ ነው። ዘዳግም ምዕራፍ 18 በዚህ ላይ ግልጽ ነው። ኤርምያስም በምዕራፍ 10 ከሰማይ ምልክት አትፍሩ ይላል። ፈርተሻልና ይህን ለንስሐ አባትሽ ንገሪ። ቀኖናውን እሱ ያውቃል። አፑንም አጥፊው፤ በየማለዳው «የዛሬ ዕጣሽ» እያለ መላክ ይወዳል።

የእጮኛሽ እናት ነገር ይከብዳል፤ እዚህ ላይ ቀስ በዪ። አንቺ አትናገሪያቸው። ገና ያልገባች ምራት አማቷን ስታስተምር አያምርም። እሱ ራሱ ይናገር፤ ከእርሳቸው የንስሐ አባት ጋር ሆኖ ቢሆን ደግሞ ይበልጥ። «መርጌታው ዋሽቷል» ብሎ አይጀምር። ክርክሩ ስለ መርጌታው ይሆንና እሳቸውም ሰውየውን ለመከላከል ይገባሉ። «እማዬ፣ ምን አስፈርቶሽ ነው የሄድሽው?» ብሎ ይጠይቃቸው። አንዳንድ ጊዜ ከኮከቡ በስተጀርባ ሌላ ነገር አለ። ልጅ ከቤት መውጣቱ፣ ብቻ መቅረት፣ የሠርግ ወጪ። እሱ ከታወቀ መፍትሔ አለው።

ለአንቺም አንድ ነገር ልንገርሽ። ስለ 7ኛው ቤት ያሰብሽውን ያህል ስለ እሱ ስለ ራሱ ጠይቂ። ዕዳ አለበት? ሲቆጣ ምን ያደርጋል? ከእናቱ ጋር አንድ ግቢ ነው የምትኖሩት ወይስ ለብቻችሁ? ጥሎሽ ከመቁጠራችሁ በፊት ሁለታችሁም ጤናችሁን ተመርመሩ። ቆርባችሁ ለመኖር ተስማምታችኋል? እነዚህን ማንም ሰማይ አይመልስልሽም፤ እሱ ግን ይመልሳል።

በተክሊል የምትጋቡ ከሆነ ጊዜ አታባክኑ። ሁለታችሁም ከንስሐ አባቶቻችሁ ጋር ወደ አጥቢያችሁ ሂዱና ቀኑን አስመዝግቡ። ጥር በጎንደር የሠርግ ብዛት ነው፤ ከጥምቀት በኋላ ያሉት እሑዶች ቶሎ ይያዛሉ። ከነነዌ ጾም በፊት ያለውን እሑድ ለማግኘት ደግሞ ከአሁኑ መናገር ይሻላል።