ለ4 ወር ልጄ ኢመርጀንሲ ውስጥ የጨው ውሃ በኔቡላይዘር ለምን አልሰጡትም?

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር፣ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። የ4 ወር ወንድ ልጄን ጉንፋን ያዘውና በ3ኛው ቀን ደረቱ ሲር ሲር ማለት ሲጀምር ኢመርጀንሲ ወሰድኩት፣ ብሮንኪዮላይተስ ነው አሉኝ። አፍንጫውን በማሽን ሳቡለት፣ የእግሩ ጣት ላይ የኦክስጅን መለኪያ አድርገው ትንሽ አዩትና ቤት ውሰጂው አሉኝ፣ መድሃኒት የለ፣ አንቲባዮቲክ የለ። አዲስ አበባ ያለችው እህቴ ነርስ ናት፣ 3 ፐርሰንት የጨው ውሃ በኔቡላይዘር (ፈሳሹን ወደ ጉም ቀይሮ በማስክ በሚያስተነፍሰው ማሽን) ይሰጣል እኮ፣ ለምን አልሰጡትም ብላ ተቆጣች። ልጄን ችላ ብለውት ነው? ኔቡላይዘር ገዝቼ ቤት ልስጠው ወይ?

መልስ፦ እህቴ እግዚአብሔር ይማርልሽ። ችላ አላሉትም፣ የጻፍሽልኝን ሳየው ትክክለኛውን ነገር ነው ያደረጉለት፣ ግን ለምን እንደሆነ ቁጭ ብሎ ያስረዳሽ ሰው አለመኖሩ በጣም ያሳዝናል፣ ምክንያቱም እናት ባዶ እጇን ስትመለስ ምን እንደሚሰማት ይገባኛል።

ብሮንኪዮላይተስ ቫይረስ ነው የሚያመጣው፣ ብዙውን ጊዜ አርኤስቪ የሚባለው። ሳንባ ውስጥ ያሉት በጣም ቀጫጭን የአየር ቱቦዎች ያብጡና በንፍጥ ይደፈናሉ። አስም ላይ ግን ቱቦውን የከበበው ጡንቻ ነው የሚጨማተረው ለዛ ነው ጡንቻውን የሚያፍታታው ቬንቶሊን የሚሰራለት፣ እዚህ ችግሩ እብጠትና ንፍጥ ስለሆነ ለአብዛኞቹ ሕፃናት ቬንቶሊን አይጠቅማቸውም፣ እብጠት የሚቀንሰው ስቴሮይድም ሲሞከር አልጠቀማቸውም፣ አንቲባዮቲክ ደግሞ ቫይረስ አይገድልም።

አሁን ወደ ጨው ውሃው። እህትሽ ከሜዳ ተነስታ አይደለም የተናገረችው። የሰውነታችን ፈሳሽ ጨውነቱ ወደ 0.9 ፐርሰንት ነው፣ 3 ፐርሰንት የሆነውን ሕፃኑ ሲተነፍሰው ካበጠው የቱቦ ግድግዳ ውሃ ይስብና ንፍጡን ያቀጥነዋል ተብሎ ነው። ሐሳቡ ደስ ይላል፣ ቀድመው ከሞከሩት መሃል እስራኤል ሆሎን ያለው ዎልፍሰን ሆስፒታል ሐኪሞች ናቸው፣ በፈረንጆቹ 2000ዎቹ መጀመሪያ፣ ያኔ ውጤቱ ተስፋ ሰጪ ስለነበር ብዙ ቦታ ጓጉተውለት ነበር። በኋላ ግን ፈረንሳይ ውስጥ በ24 የሕፃናት ኢመርጀንሲዎች 777 ሕፃናት ላይ በደንብ ተሞከረ፣ ለግማሾቹ 3 ፐርሰንቱን ለግማሾቹ ተራውን 0.9 በ20 ደቂቃ ልዩነት ሁለት ሁለት ጊዜ ሰጧቸው፣ በ2017 ሲታተም ሆስፒታል የተኙት 3 ፐርሰንቱን ካገኙት ከመቶ 48፣ ተራውን ካገኙት ከመቶ 52 ሆኑ፣ ይሄ ደግሞ በአጋጣሚም ሊመጣ የሚችል ልዩነት ነው። እንዲያውም 3 ፐርሰንቱን ያገኙት ላይ ሳል መባባስና የመሳሰለው በለጠ።

የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም በ2014 መመሪያው ላይ ኢመርጀንሲ ውስጥ አይሰጥ፣ ሆስፒታል ለተኙት ግን ሊሰጥ ይችላል ነው ያለው፣ እህትሽ የተኙ ልጆች ሲሰጣቸው አይታ ይሆናል። እንግሊዞቹ ደግሞ ለተኙትም አይመክሩም። እኔ በበኩሌ ልጁ እየተነፈሰ እየጠባ ከሆነ ማስክ ታስሮበት እያለቀሰ ከሚለፋ እናቱ እቅፍ ውስጥ ቢያርፍ እመርጣለሁ።

ስለዚህ ኔቡላይዘር አትግዢ፣ በተለይ በተለይ ቤት ውስጥ ጨው በውሃ በጥብጠሽ እንዳታስተነፍሺው፣ ቱቦው የባሰ ሊዘጋበት ይችላል፣ ንጽህናውም አይታወቅም። አንቺ የሚያስፈልግሽ ከፋርማሲ የሚገዛ ተራው የአፍንጫ ጨው ውሃና የአፍንጫ መሳቢያ ነው። በዚህ ዕድሜ ልጅ በአብዛኛው በአፍንጫው ነው የሚተነፍሰው፣ አፍንጫው ተደፍኖ ጡት አፉ ውስጥ ከገባ በምን ይተንፍስ? ከመጥባቱ ትንሽ ቀደም ብለሽ በጀርባው አስተኚው፣ በእያንዳንዱ ቀዳዳ ሁለት ሦስት ጠብታ አድርጊለት፣ አንድ ደቂቃ ያህል ጠብቂና ቀስ ብለሽ ሳቢለት። በየሰዓቱ ግን አይደለም፣ አፍንጫው ይቆስላል ያብጣልም። ጡቱን ወይም ጡጦውን ትንሽ ትንሽ እያደረግሽ ቶሎ ቶሎ ስጪው።

ትኩሳት ካለው ፓራሲታሞል በኪሎው ልክ፣ መጠኑን ፋርማሲስቱ ወይ ሐኪሙ ይንገርሽ፣ አይቡፕሮፌን ከ6 ወር በታች አይሆንም። ማር ዓመት ሳይሞላው አይቀመስም። ዕጣኑና የቡናው ጭስ እሱ ባለበት ቤት ይቅር፣ ሲጋራም እንደዛው። አንድ ነገር ልለምንሽ፣ አያቶቻችን በፍቅር ነው የሚያደርጉት፣ ግን አፍንጫው ውስጥ ቅቤ እንዳይገባ፣ ቅባቱ ወደ ሳንባ ወርዶ ሌላ በሽታ ያመጣል። እንጥሉን አስቆርጪው የሚልሽም ካለ በጭራሽ እሺ እንዳትዪ፣ ደም ፈሷቸውና ኢንፌክሽን ገብቶባቸው የሚሞቱ ልጆች አሉ።

ሌላው፣ ይሄ በሽታ ከ3ኛው እስከ 5ኛው ቀን ነው የሚበረታው፣ አንቺ ደግሞ በ3ኛው ቀን ነው የወሰድሽው ስለዚህ ቤት ሲመለስ ሊብስበት ይችላል። ሳሉ ሁለት ሦስት ሳምንት ቢቆይ አትደንግጪ። ልብሱን አውልቀሽ ተኝቶ ሳለ መብራት ላይ ደረቱን እዪው፣ ከጎድን አጥንቱ ስር ወደ ውስጥ እየተሰረጎደ ነው ወይ? አፍንጫው ይርገበገባል? ሲያስወጣ ያቃስታል? ትንፋሹንም ሙሉ አንድ ደቂቃ ቁጠሪ። ከእነዚህ ምልክቶች አንዱን ካየሽ፣ ትንፋሹ ከ60 ካለፈ፣ ወይም ከወትሮው ግማሹን እንኳን ካልጠባ፣ ወይ 12 ሰዓት ሙሉ ዳይፐሩ ደረቅ ከሆነ ወዲያው መልሰሽ ውሰጂው፣ ትናንት አይተውት የለ ብለሽ አትፈሪ፣ ይህን ይህን አየሁ በያቸው። ትንፋሹን ቆም ካደረገ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም አልነቃ ካለሽ ግን መኪና አታስነሺ፣ 911 ደውዪ፣ አማርኛ አስተርጓሚ ከፈለግሽ "አምሃሪክ" ብለሽ ንገሪያቸው፣ በስልክ ያገናኙሻል።