ፎርዋርድ የተደረገ ኢሜይል ሲመለስ

ጥያቄ፦ የመሥሪያ ቤታችንን ሜይል ሰርቨር የማስተዳድረው እኔ ነኝ። የሚሠራው ፖስትፊክስ በሚባለው የሜይል ሰርቨር ሶፍትዌር ነው። ብዙ ሠራተኞች የሥራ ኢሜይላቸውን ወደ ጂሜይል ፎርዋርድ አስደርገዋል። አሁን ወረፋው "መልእክቱ አልደረሰም" በሚሉ ባውንሶች ተጨናንቋል። አብዛኞቹ የሚሄዱት ወደማናውቃቸው ሰዎች ነው። አይፒያችንም (የሰርቨራችን የኢንተርኔት አድራሻ) የስፓም ላኪዎች መዝገብ በሆነው ብላክሊስት ውስጥ ገብቷል። ባውንስ መላኩን ጭራሽ ላጥፋው?

መልስ፦ ኧረ አያጥፉት! ካጠፉት ደብዳቤው ያልደረሰለት ሰው ደርሷል ብሎ ይቀመጣል። እኔ ከዚያ ወረፋ ቢጨናነቅ እመርጣለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስፓም ላኪው የሌላ ሰው አድራሻ እንደ ላኪ አስመስሎ ያስገባል። ሰርቨርዎ 250 ብሎ፣ ማለትም "ተቀብያለሁ" የሚለውን ኮድ ሰጥቶ፣ ይቀበለዋል። ወደ ጂሜይል ሲያሻግረው ጂሜይል በ550፣ "አልቀበልም" በሚለው ኮድ፣ ይመልስበታል። አንዴ 250 ካሉ ደግሞ ኃላፊነቱ የእርስዎ ነው፤ ሰርቨሩ ባውንስ ጽፎ "ለላኪው" ይልካል። ያ ምስኪን ምንም አልላከም። በእሱ ዓይን ስፓመሩ እርስዎ ነዎት።

ስለዚህ ማጣሪያው በር ላይ ይቁም። አርስፓምዲ የተባለውን የስፓም ማጣሪያ በሚልተር (ፖስትፊክስን ከማጣሪያ ጋር በሚያያይዘው መንገድ) ካገናኙት 250 ከመባሉ በፊት ስፓሙን በ5 መቶ ቤት ኮድ ይመልሰዋል። ያኔ ባውንስ መጻፍ የእርስዎ ሥራ አይሆንም። የሌለ ሠራተኛ ስምም እዚያው በር ላይ ይመለስ። አጠራጣሪውን፣ ማለትም ለመመለስም ለማመንም የሚያስቸግረውን፣ ፎርዋርድ አያድርጉት። እዚያው ሳጥኑ ውስጥ ይቅር።

ደህናው ደብዳቤም ቢሆን ይመለስብዎታል። ሎጉ ላይ 550 5.7.26 ካዩ ጂሜይል የላኪውን ማንነት ማረጋገጥ አልቻለም ማለት ነው። የላኪው ኤስፒኤፍ፣ በዶሜኑ ስም መላክ የሚችሉት አይፒዎች ዝርዝር፣ የእርስዎን አይፒ አያውቅማ! እዚህ ላይ ኤስአርኤስ ለሚባለው የላኪ አድራሻ መቀየሪያ ዘዴ የተሠራውን ፕሮግራም፣ ፖስትኤስአርኤስዲን፣ ይጫኑ። ፖስታው ላይ ያለውን፣ ማለትም ሰርቨሮች እርስ በርስ የሚነጋገሩበትን፣ የላኪ አድራሻ በእርስዎ ዶሜን ይቀይረዋል፤ ውስጥ ያለው "ከ" የሚለው መስመር አይነካም። አዲሱ አድራሻ ኤስአርኤስ0 ብሎ ይጀምራል። ከዚያ አጭር ሃሽ (በሰርቨርዎ ሚስጥራዊ ቁልፍ የተሠራ ማረጋገጫ)፣ የቀን ምልክት፣ የላኪው ዶሜንና ስሙ ይከተላሉ። ባውንሱ ተመልሶ ሲመጣ ሰርቨርዎ ሃሹን አይቶ ለእውነተኛው ላኪ ያደርሰዋል። ሃሹ ባይኖር ማንም አድራሻ እየፈበረከ በእርስዎ በኩል ስፓም ያሳልፍ ነበር።

ኤስአርኤስ ግን ደብዳቤውን የዲማርክን ፈተና፣ ማለትም "ከ" የሚለው መስመር ላይ ያለው ዶሜን ከተረጋገጠው ጋር ይስማማል ወይ የሚለውን፣ አያሳልፈውም። ያንን ፈተና የሚያሳልፈው የላኪው ዲኪም ፊርማ፣ ደብዳቤው ላይ የሚታተም የዶሜኑ ዲጂታል ፊርማ፣ ነው። ርዕሱ ላይ "ከውጭ የመጣ" የሚል ምልክት ወይም ግርጌው ላይ ማስጠንቀቂያ የሚለጥፍ ነገር ካለዎት ፊርማውን ያበላሻል፤ ለሚሻገረው ደብዳቤ ያጥፉት።

ላኪው ባዶ የሆነውን፣ <> የሚለውን፣ የሚያግዱ አሉ። እባክዎ አያግዱ። ባውንስ ባዶ ላኪ የሚይዘው ባውንስ በባውንስ ላይ እየተወለደ እንዳይዞር ነው።

በ4 መቶ ቤት ኮድ፣ ማለትም "ለጊዜው አልቻልኩም" ተብለው፣ ወረፋ ላይ የቆዩት አያሳስቡ፤ ፖስትፊክስ እስከ 5 ቀን ይሞክራል። ማጣሪያው ከቆመ በኋላ ወረፋው ላይ ማይለር-ዴመን (MAILER-DAEMON) የሚል ላኪ ያለባቸውን፣ ማለትም ባውንሶቹን፣ ገረፍ ገረፍ አድርገው ያዩና ያጽዱ። ከብላክሊስት እንዲያወጡዎት የሚጠይቁት ከዚያ ወዲያ ነው፤ ቀድመው ከጠየቁ መልሰው ያስገቡዎታል።