ቢያሸንፉ ኖሮ ማን ይከሳቸው ነበር?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች። ሰሞኑን ከጓደኞቼ ጋር ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የናዚ ጀርመን መሪዎች ስለተዳኙበት የኑረምበርግ ችሎት ስንከራከር አመሸን። እኔ የምለው፣ የናዚ መሪዎች የተቀጡት ስለተሸነፉ ነው። ቢያሸንፉ ኖሮ ማን ይከሳቸው ነበር? ታዲያ ይሄ ፍርድ ነው ወይስ የአሸናፊ በቀል? ደግሞስ ጥፋታቸው ፀሐይ የሞቀው ከሆነ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው መሟገት ለምን አስፈለገ?

መልስ፦ ማንም አይከሳቸውም ነበር፤ እዚህ ላይ ልክ ነህ። ከሳሾቹም ዳኞቹም ከአራቱ አሸናፊዎች ማለትም ከአሜሪካ፣ ከብሪታንያ፣ ከሶቪየት ኅብረትና ከፈረንሳይ የመጡ ናቸው። የባሰም አለ። ካቲን ጫካ ውስጥ የተረሸኑትን የፖላንድ መኮንኖች የገደለችው ሶቪየት ኅብረት ራሷ ሆና ሳለ፣ ግድያውን በናዚዎች ክስ ውስጥ አስገባችው፤ ያመነችው በ1990 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዳኞቹም በፍርዱ ላይ ካቲንን ሳያነሱ አለፉ። ይሄ ዛሬም ያንገበግበኛል።

በቀል ቢሆን ግን እንዲያ አይደክሙም ነበር። የብሪታንያው ጠቅላይ ሚኒስትር ቸርችል መጀመሪያ ላይ ዋና ዋናዎቹ ያለ ችሎት ይረሸኑ ባይ ነበር። በችሎቱ ፍርድ ካገኙት 22 ሰዎች 12ቱ ሞት ተፈረደባቸው፣ 7ቱ እስራት፣ 3ቱ ግን በነጻ ተሰናበቱ። የባሕር ኃይል አዛዡ የዶኒትዝ ጠበቃ ደግሞ የአሜሪካው አድሚራል ኒሚትዝ ጋ ጥያቄ ልኮ፣ እኛም ፓስፊክ ላይ በሰርጓጅ መርከብ የንግድ መርከቦችን ያለ ማስጠንቀቂያ እንመታ ነበር የሚል የጽሑፍ መልስ አገኘ፤ ፍርድ ቤቱም ቅጣቱን በዚያ ጥፋት ላይ እንደማይመሠርት በግልጽ ጻፈ። ሰውዬው በሌሎች ክሶች 10 ዓመት ገባለት። ለበቀል የመጣ ሰው ይሄን ሁሉ ቁጭ ብሎ አይሰማም።

ጊዜ የወሰደው ማስረጃው ነው። ዋናው አሜሪካዊ ዓቃቤ ሕግ ጃክሰን ከምስክር ይልቅ ናዚዎቹ ራሳቸው በጻፉት፣ ፊርማቸው ባረፈበት ወረቀት ላይ ተመካ። ኖቬምበር 29 ቀን 1945 ደግሞ የማጎሪያ ካምፖቹ ፊልም ታየ። አዳራሹ ጨልሞ የተከሳሾቹ ሳጥን ብቻ መብራት ነበረው። ከተከሳሾቹ ሻኽት ፊልሙን አላይም ብሎ ፊቱን አዞረ፣ ፉንክ አለቀሰ። በጥይት ተገድለው ቢሆን ያ ሁሉ ወረቀት የትም ተበትኖ ይቀር ነበር፤ አልሆነም ብሎ ለሚክድም በር ይከፈትለታል።

እኔ ኑረምበርግን የምወቅሰው እነዚያን በመቅጣቱ ሳይሆን ሌሎቹ በመቅረታቸው ነው። ግራዚያኒን ተመልከት። በ1937 አዲስ አበባ ላይ ሕዝብ ሲጨፈጨፍ አዛዡ እሱ ነበር። ኢትዮጵያ ለማስከሰስ ብዙ ደከመች፣ አልተሳካላትም። የጣሊያን ፍርድ ቤት በ1950 19 ዓመት ፈረደበት፤ እሱም ከጀርመኖች ጋር በመተባበሩ። ከወራት በኋላ ተፈታ። ስለ አዲስ አበባ አንድም ዳኛ ፊት ሳይቆም በ1955 ሮም ውስጥ ሞተ።