ወፌ የምትቆመው መቼ ነው?

በዚህ ወር ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ የሕፃናትን እግርና እጅ የሚመለከቱ ናቸው። አምስቱን መርጫለሁ።

ልጄ 13 ወር ሞላው። ይቆማል እንጂ አይራመድም። የጎረቤታችን ልጅ በ9 ወሯ ስለሄደች አማቴ በየቀኑ ያነሱብኛል። ሐኪም ቤት ልውሰደው?

በዚህ ምክንያት ብቻ አይውሰዱት። የዓለም ጤና ድርጅት በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ጤናማ ሕፃናትን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው መመዘኛ፣ ልጆች ብቻቸውን መራመድ የሚጀምሩበት ዕድሜ ከ8 ወር እስከ 17 ወር ተኩል ገደማ ይዘልቃል። የጎረቤትዎ ልጅም የእርስዎም ልጅ እዚያው ውስጥ ናቸው። ቀድሞ የሄደ ልጅ ኋላ በትምህርት አንደኛ ይወጣል ማለትም አይደለም፤ ይህን ለአማትዎ በለሰለሰ ቃል ይንገሩልኝ።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በ9 ወሩ ያለ ድጋፍ የማይቀመጥ፣ 18 ወር ሞልቶት የማይራመድ፣ አንዱን የሰውነቱን ጎን ብቻ የሚያንቀሳቅስ ልጅ መታየት አለበት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ያደርገው የነበረውን ነገር የተወ ልጅ፣ ለምሳሌ ይቀመጥ የነበረ አሁን መቀመጥ ያቃተው፣ ቀጠሮ ሳይጠበቅ በፍጥነት ወደ ሐኪም ይወሰድ።

እስከዚያው «ወፌ ቆመች» እያላችሁ አጨብጭቡለት። እናቶቻችን ያወረሱን ይህ ጨዋታ ዋጋ አለው፤ አዋቂው እጁን ለቅጽበት ሲለቅ ልጁ ሚዛኑን በራሱ ጡንቻ መፈለግ ይኖርበታል።

እህቴ ከዱባይ ባለጎማ መራመጃ ልካልናለች። ከስንት ወሩ እናስገባው?

በጭራሽ አታስገቡት። ልጁ የሚገፋው በእግሩ ጣቶች ጫፍ ነው፤ እግሩንም አያይም፤ ክብደቱን የሚሸከምለት ጨርቁ ስለሆነ ሚዛን መጠበቅንም አይማርበትም። ይባስ ብሎ ገና አደጋ የማያውቀውን ሕፃን ፈጣን ያደርገዋል። ከደረጃ መውደቅ አለ፤ ከሰል ምድጃና የፈላ ጀበና በወለል ላይ በሚቀመጥበት ቤት ደግሞ ምን ሊሆን እንደሚችል ለእርስዎ አልነግርም። ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2004 ሽያጩን ጭምር አግዳዋለች። እህትዎን አመስግኑና ንጹሕ ምንጣፍ አንጥፉለት።

ልጄ ሳትድህ በመቀመጫዋ እየተንፏቀቀች ቆይታ ተነሥታ ቆመች። ጉዳት አለው?

የለውም። ቀደም ብዬ በጠቀስኩት ጥናት ከ100 ሕፃናት አራቱ ያህል በእጅና በጉልበት ሳይድሁ አልፈዋል።

የምንኖረው አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ልጃችን 20 ወሯ ነው፤ አትራመድም፣ እግሯ ጎብጧል፣ የእጅ አንጓዋም ያበጠ ይመስላል። ሞግዚቷ በየጠዋቱ በመስኮት ፀሐይ ታሞቃታለች።

ይህችን ልጅ በዚህ ሳምንት ሐኪም ይያት። እስከ ሁለት ዓመት የሕፃን እግር በመጠኑ መጉበጡ የተለመደ ነው፤ በሦስትና በአራት ዓመቱ ደግሞ በተቃራኒው ጉልበቶቹ ይገጥማሉ፤ ሰባት ዓመት ገደማ ይስተካከላል። የእጅ አንጓ መወፈርና የመራመድ መዘግየት ሲጨመሩበት ግን በመጀመሪያ የምጠረጥረው ሪኬትስን፣ ማለትም በቫይታሚን ዲ እጥረት አጥንት የሚለሰልስበትን በሽታ ነው። ጡንቻንም ያደክማል፤ ስለዚህ ልጅቱ ሰንፋ አይደለም።

አሥራ ሦስት ወር ፀሐይ በሚባልበት አገር እንዴት? ቆዳችን ቫይታሚን ዲን የሚሠራበትን ጨረር የመስኮት መስተዋት ያስቀረዋል። ሞግዚቷ ሙቀቱን እንጂ ጥቅሙን አላገኘችላትም። ምች እንዳይመታት፣ የሰው ዐይን እንዳያይባት እየተባለ ተጠቅልላ ቤት ውስጥ የምታድግ ሕፃን ፀሐይ በሞላበት ከተማ ፀሐይ ይርባታል። የእናት ጡት ወተት ምትክ የለውም፤ ቫይታሚን ዲው ግን አነስተኛ ነው። በሰሜን አውሮፓ የምትኖሩ አንባቢዎቼ ደግሞ በክረምቱ ፀሐዩ ራሱ ስለማይበቃ፣ የጤና ጣቢያው ለሕፃኑ የሚሰጣችሁን የቫይታሚን ዲ ጠብታ «የእኛ ልጅ ጠንካራ ነው» ብላችሁ እንዳትተዉት። ጥቁር ቆዳ የበለጠ ፀሐይ ይፈልጋል። ለሕፃን የተለመደው የቫይታሚን ዲ መጠን በቀን 400 ዓለም አቀፍ ዩኒት (IU) ነው፤ የታመመች ልጅ ግን ሌላ መጠን ስለሚያስፈልጋት ሐኪሙ ይወስናል። በጊዜ ከተያዘ በደንብ ይድናል።

ሦስት ዓመት ተኩል የሆናት ልጄ መዋዕለ ሕፃናት በየቀኑ አንድ ገጽ ፊደል ጻፊ ትባላለች። ታለቅሳለች። በግራ እጇ ስትይዝም መምህሯ ትቀይርባታለች።

ሁለቱም ትክክል አይደለም። ልጅ ክብ አይቶ መሣል የሚችለው ሦስት ዓመት ገደማ፣ መስቀል አራት፣ አራት ማዕዘን ወደ አምስት፣ ሦስት ማዕዘን ከዚያ በኋላ ነው። መስቀል ገና ያልተስተካከለለትን ጣት «ጬ»ን በመስመር ላይ ሠላሳ ጊዜ ጻፍ ማለት ጭካኔ ይመስለኛል። የወላጆችም እጅ አለበት፤ ትምህርት ቤት የሚመዘነው በደብተር ውፍረት ሆኗል።

ጣት የሚጠነክረው በሊጥ፣ በጭቃ፣ ቁልፍ በመቆለፍና ኋላም በቅልብልቦሽ ነው። ጠጠር ወደ ላይ ወርውሮ ሌላውን አንሥቶ መቅለብ ዐይንና እጅን ማስተባበር ነው። ሰኞ ማክሰኞም አራትና አምስት ዓመት ላይ የሚመጣውን በአንድ እግር መዝለል ያለማምዳል።

ግራ እጇን ተዉላት፤ በዚህ ዕድሜ የምትመርጠው እጅ የራሷ ነው። ገና ዓመት ሳይሞላው አንዱን እጅ ብቻ የሚጠቀም ሕፃን ግን ግራኝ ሳይሆን ሌላኛው እጁ ደክሞ ሊሆን ስለሚችል፣ እሱን ለሐኪም አሳዩት።